የታመነ ቃል ዋጋ፦ በትምህርት፣ በራዲዮና በመንግሥት ማስታወቂያ ሥራ ያለፉት የኤድዋርድ መሮው ታሪክ

ነጋዴ ሁለት ዓይነት ሀብት አለው። አንደኛው በመጋዘን የሚቈጠር፣ በሚዛን የሚለካና በመዝገብ የሚጻፍ ነው። ሁለተኛው በመጋዘን የማይገባ፣ ነገር ግን የመጀመሪያውን ሀብት የሚያንቀሳቅሰው በሰው ዘንድ ያለው መታመን ነው። አስመጪው ከባሕር ማዶ ዕቃ ሲያዝ፣ ላኪው ቡናውን በናሙና ሲሸጥ፣ ባለሱቁም ለደንበኛው በዱቤ ሲሰጥ፣ ሦስቱም የሚነግዱት በዚህ በሁለተኛው ሀብት ጭምር ነው። ይህ ሀብት እንዴት እንደሚጠራቀምና እንዴት እንደሚጎድል ለማሳየት፣ ዕቃ ሳይሆን ቃል ለሕዝብ ሲያቀርቡ የኖሩትን የአንድ ሰው ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ ይጠቅማል ብለን አስበናል። እኚህም ሰው በትምህርት ድርጅት፣ በራዲዮና በቴሌቪዥን፣ በመጨረሻም በመንግሥት ማስታወቂያ ሥራ ያገለገሉት አሜሪካዊው ሚስተር ኤድዋርድ መሮው ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስተዳደጋቸውና የትምህርት ዘመናቸው

ሚስተር መሮው ኤፕሪል 25 ቀን 1908 ዓ.ም. በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ በግሪንስቦሮ ከተማ አጠገብ በሚገኝ ገጠር ተወለዱ። ወላጆቻቸው የክዌከር እምነት ተከታዮች ነበሩ። ያወጡላቸውም ስም ኢግበርት ሲሆን፣ ኤድዋርድ የተባሉት ኋላ በተማሪነታቸው ዘመን ነው። ገና ሕፃን ሳሉ ቤተሰቡ አገሩን ለቆ በምዕራብ ወዳለው ወደ ዋሽንግተን ግዛት ስለ ሄደ፣ አባታቸው በዚያ ግንድ በሚያመላልስ ባቡር ላይ ተቀጠሩ። ሚስተር መሮውም ለኮሌጅ የሚሆናቸውን ገንዘብ ያጠራቀሙት በጫካ ከእንጨት ቈራጮች ጋር እየሠሩ ነው።

በዋሽንግተን ስቴት ኮሌጅ የንግግር ጥበብ አጥንተው በ1930 ዓ.ም. ተመረቁ። ከመምህሮቻቸው መካከል ይበልጥ የቀረጿቸው አይዳ ሉ አንደርሰን የተባሉ መምህርት ነበሩ። እኚህ ሴት በልጅነታቸው በያዛቸው የፖሊዮ በሽታ ሰውነታቸው የተጎዳ ቢሆንም፣ ቃልን መርጦና መጥኖ በመናገር የሚወዳደራቸው አልነበረም። ከብዙ ዓመት በኋላ ሚስተር መሮው ከለንደን ሲናገሩ በመክፈቻቸው ላይ «ይህ» ብለው ጥቂት ዐርፈው «ለንደን ነው» እንዲሉ የመከሯቸው እኚሁ መምህርታቸው ናቸው። ያች አጭር ዕረፍት በአንድ ዕቃ ላይ እንደሚታተም የንግድ ምልክት ሆና ባለቤቷን አስታወቀች።

ከኮሌጅ ከወጡ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የአሜሪካ ተማሪዎችን ብሔራዊ ማኅበር መርተው፣ በ1932 ዓ.ም. ኒው ዮርክ በሚገኘው በዓለም አቀፍ ትምህርት ተቋም ረዳት ዲሬክተር ሆኑ። የተቋሙ ተግባር ተማሪዎችንና መምህራንን ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ማለዋወጥ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ግን የናዚ መንግሥት በጀርመን ሥልጣን ይዞ አይሁድ የሆኑትንና መንግሥቱን የሚቃወሙትን ሊቃውንት ከዩኒቨርሲቲ ማባረር ስለ ጀመረ፣ ስደተኞቹን መምህራን የሚረዳ ኮሚቴ በኒው ዮርክ ተቋቋመ። ሚስተር መሮውም በ25 ዓመት ዕድሜያቸው የዚህ ኮሚቴ ረዳት ጸሐፊ ሆነው ሥራውን ያካሂዱ ጀመር።

የኮሚቴው አሠራር ለነጋዴ በቀላሉ የሚገባ ነው። በአንድ ወገን ዕውቀት ያላቸው፣ ነገር ግን መተዳደሪያ ያጡ መምህራን አሉ። በሌላው ወገን በ1929 ዓ.ም. በጀመረው የኢኮኖሚ ውድቀት ምክንያት በጀታቸው የተቀነሰባቸው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ኮሚቴው በመካከል ቆሞ የደመወዙን ከፊል ከራሱ ገንዘብ ይሰጣል፤ ሌላው ከፊል እንደ ሮክፌለር ፋውንዴሽን ካሉ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ይገኛል፤ ዩኒቨርሲቲውም መምህሩን ይቀበላል። በዚህ ዓይነት ኮሚቴው እስከ 1945 ዓ.ም. ድረስ ከ300 በላይ ሊቃውንትን ረዳ። ይህ ሥራ በመሠረቱ ለማይታወቅ ሰው ዋስ መሆን ነው። ዋስ የሆነ ሰው የአንዱን መምህር ዕውቀት ከመጠን በላይ አጋንኖ ቢጽፍ፣ ቀጥሎ ለሚመጣው ስደተኛ በሩ ይዘጋበታል። ሚስተር መሮው ማይክሮፎን ፊት ከመቅረባቸው በፊት የቃልን ኀላፊነት የለመዱት በዚህ ጽሕፈት ቤት ነው።

ከለንደን የተሰማው ድምፅ

በ1935 ዓ.ም. ሲ.ቢ.ኤስ. ወደ ተባለው የራዲዮ ማሠራጫ ድርጅት ገቡ። የተሰጣቸው ሥራ መናገር ሳይሆን፣ በራዲዮ የሚናገሩ ዐዋቂ ሰዎችን ፈልጎ ማቅረብ ነበር። በ1937 ዓ.ም. የድርጅቱ የአውሮፓ ወኪል ሆነው ወደ ለንደን ሲላኩም ሥራቸው ይኸው ነበር። ነገር ግን በማርች ወር 1938 ዓ.ም. የጀርመን ጦር ኦስትሪያን በያዘ ጊዜ፣ አንድ ሙሉ አውሮፕላን ተከራይተው ብቻቸውን ወደ ቪየና በረሩና ያዩትን በራሳቸው አንደበት ተናገሩ። ማርች 13 ቀን ሲ.ቢ.ኤስ. በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ከለንደን፣ ከፓሪስ፣ ከበርሊንና ከቪየና የሚነገረውን ዜና ተራ በተራ ለአሜሪካ ሕዝብ አሰማ። ዛሬ በየቤታችን የምንሰማው ከብዙ ከተሞች የሚጠናቀር ዜና ሥርዓቱን ያገኘው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሴፕቴምበር 7 ቀን 1940 ዓ.ም. የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን መደብደብ ጀመሩ፤ ከዚያም ለ57 ሌሊት ያለማቋረጥ ደበደቡ። ሚስተር መሮው ከቤት ጣራ ላይ ሆነው ያዩትንና የሰሙትን ብቻ ይናገሩ ነበር። ከዚያ ቀደም በኦገስት ወር አንድ ሌሊት የአደጋ ምልክት በተሰማ ጊዜ፣ ማይክሮፎኑን ወደ መንገዱ ንጣፍ ዝቅ አድርገው ሕዝቡ ወደ መጠለያ ሲሄድ የሚሰማውን የእግር ኮቴ ለአሜሪካ አድማጮች አሰምተዋል። ኮቴው የሚሮጥ ሰው ሳይሆን የሚራመድ ሰው ኮቴ ነበር። የለንደን ሕዝብ አልተሸበረም ብሎ ብዙ ከመናገር ይልቅ ያን ኮቴ ማሰማት በቂ ሆነ። ሻጭ ዕቃውን ከማወደስ ይልቅ ናሙናውን በገዢው እጅ ላይ ቢያኖር እንደሚሻል ማለት ነው።

ይህ ቁጥብነት ዋጋው የታየው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ኤፕሪል 12 ቀን 1945 ዓ.ም. ቡኸንቫልድ በተባለው የናዚ እስር ሰፈር ገብተው ሬሳ እንደ ግንድ ተከምሮ አዩ፤ ከሦስት ቀንም በኋላ ያዩትን በራዲዮ ተናገሩ። የተናገሩት ካዩት ከፊሉን ብቻ መሆኑንና ለቀረው ቃል እንደሌላቸውም ለአድማጮቻቸው ገለጹ። ነገሩ ለሰው አእምሮ የሚከብድ ነበር። ሆኖም በጦርነቱ ዘመን ሁሉ ሳያጋንኑ የተናገሩ ሰው ስለ ሆኑ፣ ሊታመን የማይችለውን ነገር በተናገሩበት ቀን ታመኑ። ለዓመታት ያጠራቀሙትን እምነት በዚያች ቀን መነዘሩት ማለት ይቻላል።

የማስታወቂያ ከፋይና የተናጋሪ ነፃነት

ከጦርነቱ በኋላ ቴሌቪዥን ተስፋፋ። ሚስተር መሮውም ከባልደረባቸው ከሚስተር ፍሬድ ፍሬንድሊ ጋር ኖቬምበር 18 ቀን 1951 ዓ.ም. «አሁን እዩት» የተባለውን ሳምንታዊ ፕሮግራም ጀመሩ። በመጀመሪያው ቀን በኒው ዮርክ ያለውን የብሩክሊን ድልድይና በሳን ፍራንሲስኮ ያለውን የወርቅ በር ድልድይ በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን አሳዩ።

የፕሮግራሙን ወጪ የሚከፍለው አልኮዋ የተባለው የአሉሚኒየም ኩባንያ ነበር። ነጋዴ አንባቢ በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ይኸውም ጥሬ አሉሚኒየሙን በብዛት ለፋብሪካዎች የሚሸጥ ኩባንያ ለተራ ተመልካች ፕሮግራም ገንዘብ የሚያወጣው ስለ ምንድን ነው? በ1945 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ኩባንያው ገበያውን ለብቻው ይዟል ብሎ ፈርዶበት ስለ ነበር፣ ከሽያጭ ይልቅ መልካም ስም ያስፈልገው ነበር። መልካም ስም የሚፈልግ ከፋይም በፕሮግራሙ ይዘት ውስጥ እጁን ባያስገባ ይጠቀማል። ለጥቂት ዓመታት ይህ ስምምነት ለሁለቱም ወገን በጀ።

በዚያ ዘመን ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ ሰዎችን ያለ በቂ ማስረጃ ኮሚኒስት ናቸው እያሉ ይከሱ ነበር። ስማቸው የተነሣ ሰዎች ከሥራ ይባረሩ፣ ጓደኛም ያጡ ነበር። ማርች 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ሚስተር መሮው ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ፕሮግራም አቅርበው፣ በአብዛኛው የሴናተሩን የራሳቸውን ንግግርና ሥራ ለሕዝብ አሳዩ። ድርጅቱ ፕሮግራሙን በጋዜጣ ለማስታወቅ ስላልፈቀደ፣ ሁለቱ ባልደረቦች 1,500 ዶላር ከኪሳቸው አውጥተው በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ማስታወቂያ አወጡ። ኤፕሪል 6 ቀን ሴናተሩ የመልስ ጊዜ ተሰጥቷቸው በዚያው ፕሮግራም ሲናገሩ፣ ሚስተር መሮው በወጣትነታቸው ያገለገሉበትን የትምህርት ተቋም እያነሡ፣ ተቋሙ ከሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ያዘጋጀውን የክረምት ትምህርት እንደ ወንጀል ቈጠሩት። ክሱ ግን አልያዘላቸውም። ዲሴምበር 2 ቀን 1954 ዓ.ም. የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ሴናተሩን በ67 ድምፅ በ22 ላይ ገሠጻቸው። ለዚህ ውጤት ሌሎች ብዙ ሰዎችና ምክንያቶች ነበሩበት፤ ነገር ግን አንድ የታመነ ሰው በጊዜው መናገሩ ሚዛኑን አክብዶታል።

በ1955 ዓ.ም. አልኮዋ የፕሮግራሙን ወጪ መክፈል አቆመ። በዚያው ዓመት ትክክል ለሚመልስ ተወዳዳሪ 64,000 ዶላር የሚያስገኝ የጥያቄና መልስ ውድድር በሲ.ቢ.ኤስ. ተጀምሮ፣ ወጪውን የሚከፍለው ሬቭሎን የተባለው የመዋቢያ ዕቃዎች ኩባንያ ከፍተኛ ገበያ አገኘ። ጣቢያውም እንደ ማንኛውም ባለሱቅ ዕቃ ከፍ ብሎ የሚሸጥበትን መደርደሪያ ለሚሸጠው ዕቃ ሰጠ። የሚስተር መሮው ፕሮግራም ሳምንታዊ ቦታውን አጥቶ አልፎ አልፎ ብቻ ይታይ ጀመር፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ፈጽሞ ተዘጋ። በ1959 ዓ.ም. በተደረገው የምክር ቤት ምርመራ ግን ከእነዚህ የውድድር ፕሮግራሞች በአንዳንዶቹ መልሱ ለተወዳዳሪዎቹ አስቀድሞ ይነገራቸው እንደ ነበረ ተገለጠ። ፈጥኖ የተሸጠው ዕቃ ውስጡ የተበረዘ ሆኖ ተገኘ።

ኦክቶበር 15 ቀን 1958 ዓ.ም. ሚስተር መሮው በቺካጎ ለራዲዮና ለቴሌቪዥን ዜና ዲሬክተሮች ባደረጉት ንግግር፣ ቴሌቪዥን ሰውን የማያስተምርና የማያነቃ ከሆነ ሽቦና መብራት ያለበት ሣጥን ብቻ ሆኖ እንደሚቀር አስጠነቀቁ። ለታላላቆቹ ኩባንያዎችም ሐሳብ አቀረቡ፤ 20 ወይም 30 የሚሆኑ ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው በዓመት ውስጥ ከመደበኛ ፕሮግራማቸው አንዱን ወይም ሁለቱን ሰዓት ለሕዝብ ጉዳይ ውይይት ቢለቁ፣ ገንዘባቸው እንደማይባክንና ለራሳቸውም ስም እንደሚጠቅም ገለጹ። ሐሳቡ ነጋዴን ለማሳጣት የቀረበ አልነበረም። የነጋዴው ገንዘብ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ክብርም ሊገዛለት እንደሚችል የሚያስረዳ ነበር።

በመንግሥት ማስታወቂያ ሥራ

በ1961 ዓ.ም. መጀመሪያ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሚስተር መሮውን የአሜሪካ መንግሥት የውጭ አገር ማስታወቂያ ድርጅት ዲሬክተር አድርገው ሾሟቸው። ይህ ድርጅት በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ የአሜሪካ ድምፅ ራዲዮ፣ በየአገሩ ያሉ ቤተ መጻሕፍትና ፊልሞች በእርሱ ሥር ነበሩ። በሲ.ቢ.ኤስ. እጅግ ከፍተኛ ደመወዝ ይከፈላቸው የነበሩት ሰው ከዚያ ብዙ ያነሰ የመንግሥት ደመወዝ ተቀበሉ። የያዙትም መርሕ ግልጽ ነበር። ሰውን ለማሳመን መታመን ያስፈልጋል፤ ለመታመን ደግሞ እውነት መናገር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ለመንግሥትም ቢሆን ከውሸት ይልቅ እውነት ያዋጣል የሚል ነው።

መርሑ የተፈተነው ግን ወዲያውኑ ነው። ሥራ ከመጀመራቸው ጥቂት ወራት በፊት፣ በኖቬምበር 25 ቀን 1960 ዓ.ም. «የእፍረት መከር» የተባለ ፊልም በሲ.ቢ.ኤስ. አቅርበው ነበር። ፊልሙ ከእርሻ ወደ እርሻ እየተዘዋወሩ አዝመራ የሚሰበስቡ የአሜሪካ ድሆች ሠራተኞች የሚኖሩበትን ችግር የሚያሳይ ሲሆን፣ ቀኑም ሆን ተብሎ አሜሪካውያን የምስጋና በዓላቸውን ካከበሩበት ቀን ማግስት እንዲሆን ተደርጎ ነበር። በ1961 ዓ.ም. የእንግሊዙ ቢ.ቢ.ሲ. ይህንኑ ፊልም ሊያሳይ ሲነሣ፣ አሁን የመንግሥት ሹም የሆኑት ሚስተር መሮው ፊልሙ እንዳይታይ ለቢ.ቢ.ሲ. ዋና ዲሬክተር ልመና አቀረቡ። ቢ.ቢ.ሲ. ልመናውን አልተቀበለም፤ ፊልሙም ታየ። ነገሩ በጋዜጣ በወጣ ጊዜ ሚስተር መሮው ትልቅ ነቀፌታ ደረሰባቸው።

ይህን ታሪክ መደበቅ ሰውየውን ማክበር አይሆንም። ይልቁንም ከታሪካቸው ሁሉ ለነጋዴ ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ክፍል ነው። ፊልሙ ውሸት አልነበረበትም፤ አዘጋጁም ራሳቸው ነበሩ። የተለወጠው የቆሙበት ወንበር ብቻ ነው። ወንበሩም ሰውየውን ለጥቂት ጊዜ አሸነፋቸው። የሠላሳ ዓመት ሐቀኝነት ያለው ሰው እንኳ የራሱን ቤት ጉድለት ከውጭ ሰው ለመሰወር ከተፈተነ፣ ሌላው ሰው ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለበት ግልጽ ነው። «ካፍ የወጣ አፋፍ» እንዲሉ፣ አንድ ጊዜ ለሕዝብ የቀረበ እውነት ተመልሶ በመጋዘን አይቈለፍበትም።

በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር በኩባ የአሳማዎች ባሕረ ሰላጤ የተደረገው ወረራ ሲዘጋጅ፣ ለሚስተር መሮው አስቀድሞ አልተነገራቸውም ነበር። ወረራው ከከሸፈ በኋላ ዓለምን እንዲያስረዱ የሚጠበቁት ግን እሳቸው ነበሩ። ስለዚህም አውሮፕላኑ ሲከሰከስ ብቻ ሳይሆን ሲነሣም መኖር እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ዕቃው ከተበላሸ በኋላ ብቻ ደንበኛውን እንዲያባብል የሚጠራ ሻጭ የሚደርስበትን ችግር የሚያውቅ ሁሉ ይህን አቤቱታ ይረዳዋል።

የመጨረሻው ክንድ

በዚያን ጊዜ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ነፃነታቸውን አግኝተው አምባሳደሮቻቸውን ወደ ዋሽንግተንና ወደ ኒው ዮርክ ይልኩ ነበር። በሁለቱ ከተሞች መካከል በሜሪላንድ ግዛት በሚያልፈው በ40 ቍጥር መንገድ ዳር ያሉ አንዳንድ ምግብ ቤቶች ግን ጥቁር ሰው አናስተናግድም ስለሚሉ፣ በ1961 ዓ.ም. የቻድ አምባሳደር ጭምር ከበር ተመለሱ። ነገሩ በዓለም ጋዜጦች ወጣ። የአሜሪካ ድምፅ በብዙ ቋንቋ ስለ ነፃነትና ስለ እኩልነት ሲናገር ቢያድር፣ አንድ ባለ ምግብ ቤት በጠረጴዛው ላይ የሚያደርገው ነገር ያን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያፈርሰዋል። የማስታወቂያ ድርጅቱም ይህን የዘር መድልዎ ችግር ከውጭ አገር ሰዎች ለመሰወር ከመሞከር ይልቅ፣ በኦገስት 28 ቀን 1963 ዓ.ም. በዋሽንግተን የተደረገውን ታላቅ የሕዝብ ሰልፍ በፊልም አንሥቶ በልዩ ልዩ አገሮች አሳየ።

ሚስተር መሮው ስለ ሥራቸው ከተናገሩት ሁሉ ይበልጥ የሚጠቀሰው በዚሁ ዓመት የተናገሩት ነው። ቃልን በአምስት ወይም በዐሥር ሺህ ማይል ርቀት ማድረስ የመሣሪያ ጉዳይ ነው፤ እውነተኛው ጥበብ ግን የመጨረሻውን ሦስት ጫማ፣ ማለት አንድ ሜትር እንኳ የማይሞላውን ርቀት፣ ሰው ከሰው ጋር ፊት ለፊት ሆኖ ማሻገር ነው ብለዋል። ያ ርቀት በባለሱቁና በደንበኛው መካከል ካለው ባንኮኒ ስፋት ብዙም አይበልጥም።

ሚስተር መሮው ሲጋራ አብዝተው ያጨሱ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ሲጋራና የሳንባ ካንሰር ስላላቸው ግንኙነት በቴሌቪዥን ቢያቀርቡም፣ ራሳቸው ግን ማጨሱን አልተዉም። በ1963 ዓ.ም. የግራ ሳንባቸው በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ በጃንዋሪ ወር 1964 ዓ.ም. ሥራቸውን ለቀቁ። በዚያው ዓመት የፕሬዚዳንቱ የነፃነት ሜዳልያ ተሸለሙ፤ ኤፕሪል 27 ቀን 1965 ዓ.ም. በ57 ዓመት ዕድሜያቸው ዐረፉ። የመሩት የማስታወቂያ ድርጅት በ1999 ዓ.ም. ተዘግቶ ሥራው በአብዛኛው ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተዛወረ። ከድርጅቱ ክፍሎች አንዱ የነበረው የአሜሪካ ድምፅ ራዲዮ በ1982 ዓ.ም. በአማርኛ ማሠራጨት ጀምሮ ስለ ነበር፣ የዚህ ሥራ ፍሬ ወደ እኛም አገር ጆሮ ደርሷል።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ሕይወት ለንግድ ሥራችን የሚሆን ምን እናገኛለን ቢባል፣ ሦስት ነገር እናገኛለን። የመጀመሪያው፣ ዕቃን ከመጠን በላይ አለማወደስ ነው፤ በትንሹ ቀን ያላጋነነ ሰው በትልቁ ቀን ይታመናልና። ሁለተኛው፣ ጉድለትን ቀድሞ መናገር ነው። መርከብ የዘገየበት አስመጪ ደንበኛው ሳይጠይቀው ቢያስታውቀው፣ ከናሙናው ያነሰ ቡና የደረሰው ላኪም ዕቃው ሳይጫን ለገዢው ቢጽፍለት፣ የዛሬውን ትርፍ ጥቂት ቢቀንስ የነገውን ውል ያተርፋል። ሦስተኛው፣ ለጋዜጣና ለራዲዮ ማስታወቂያ የሚከፈለው ገንዘብ የሚገዛው ቦታንና ጊዜን እንጂ ዝምታን እንዳልሆነ ማወቅ ነው፤ ከፋዩ እንደ ፈለገው የሚናገር አፍ ሕዝብ የማያምነው አፍ ይሆናልና፣ በማይታመን አፍ የተነገረ ማስታወቂያም የባከነ ገንዘብ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ማስታወቂያው ያመጣውን ደንበኛ የሚያጸናው ወይም የሚያባርረው በባንኮኒው ጀርባ የቆመው ሰው ነው። ስለዚህ ባለቤቱ የማስታወቂያውን ሒሳብ ሲያሰላ፣ በሱቁ ላቆመው ሠራተኛ ትክክለኛ ሚዛንና ትክክለኛ ቃል ማስተማሩንም በዚያው መዝገብ ላይ ይጻፍ።